የልጄን ትኩሳት ማን ቀድሞ ያውቃል

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ የተመለስኩት ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ኢህአዴግ ከገባ የተወሰኑ ዓመታት አልፈው ነበር። አቃቂ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ የባቡሩ ጩኸት በሚሰማበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው። የቀለሙን ውሃ ሙቀት እየለኩ መመዝገብ የእኔ ድርሻ ነበር። ሙቀቱ ትንሽ ከተዛባ ጨርቁ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፤ አለቃዬም ይጮህብኛል። ስለዚህ ሙቀት የሚባለው ነገር ለእኔ ቁጥር ነው። አንዳንድ የቆዩ ሠራተኞች እጃቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው "በቃ ደርሷል" ሲሉ እስቅባቸው ነበር።

ልጁን የሚይዝልን ሰው ስናጣ ባለቤቴ ታላቅ እህቱን ከስልጤ አመጣት። ሥራ ከመጀመሬ ከወር በፊት ነው የመጣችው። ከባሏ ከተለያየች ዓመት አልፏት ነበር። ምክንያቱ ልጅ አለመውለዷ መሆኑን ባለቤቴ ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ እሱም አላወራም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ "እታለም" እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ከተጋባን ሦስት ዓመት ቢያልፍም "ሙሽራዬ" ነበር የምትለኝ።

መጀመሪያ ላይ ወደድኳት። እጇ ቀልጣፋ፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሳይነግሯት ሥራ የምታይ ሴት ናት። ሥራ ስጀምር ልቤ ሳይከፈል ሰርቪስ ላይ የምወጣው በእሷ ምክንያት ነበር። ቅናት የገባኝ በክትባቱ ቀን ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ጠዋት አስከትቤው ለእሷ ሰጥቻት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደጃፍ ላይ አቅፋው ተቀምጣለች። ሸሚዙን ከኋላ ገልጣ ጉንጯን ጀርባው ላይ አሳርፋለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ምነው እታለም?"

"ትኩሳት ሊጀምረው ነው" አለችኝ።

እጄን ግንባሩ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። "ኧረ ምንም የለውም!" አልኳት።

"ግንባሩን ነፋስ መቶት ነው። ልብሱ ስር ንኪው።"

አልነካሁም። ልብሴን ቀይሬ፣ ታጥቤ ሳልጨርስ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ፊቱ ቀላ። አነሳሁት፣ አጠባሁት፣ አወዛወዝኩት፤ ለቅሶው ባሰ። እሷ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ካልሲውንና ሹራቡን አወለቀችለት፤ ደረቷ ላይ አጋድማ ዝግ ባለ ድምፅ ስታወራው ዝም አለ። ዝም ማለቱ ነው የከነከነኝ። ለቅሶው ቢቀጥል ደስ ይለኝ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ግን ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ተሰምቶኛል። ከሆዴ የወጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእኔ ቀድማ ሌላ ሴት አወቀች።

ቅዳሜ እንደደረሰ ሳሪስ ወርጄ ከአንድ ፋርማሲ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ የልጁን ዕድሜ ስነግራት ዕቃውን ከመስጠቷ በፊት በደንብ አስረዳችኝ።

"በዚህ ዕድሜ ትክክለኛውን የሚናገረው ከመቀመጫው ሲለካ ነው" አለችኝ። "ጫፉን ቫዝሊን ትቀቢና ትንሽ ብቻ ታስገቢያለሽ፤ ልጁ እንዳይወራጭ አጥብቀሽ መያዝ አለብሽ። እሱን ከፈራሽ ብብቱ ስር አድርጊው። ብብቱ ደረቅ ይሁን፣ ክንዱን ግጥም አድርገሽ ያዥ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ከብብት የሚነበበው ከውስጡ ሙቀት ዝቅ እንደሚል ግን አትርሺ። አፉ ውስጥ እንዳታደርጊ፤ ይሰብረዋል።"

የመቀመጫውን ፈራሁ። ብብትን መረጥኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ውድድር ነበር፤ የምወዳደረው ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። እታለም ጉንጯን ጀርባው ላይ አድርጋ "ዛሬ ደህና ነው" ስትል እኔ ቴርሞሜትሩን አራግፌ እለካዋለሁ። ደህና ሆኖ ይገኛል። "ዛሬ ገላው ከፍ ብሏል" ስትል እለካለሁ። ከፍ ብሎ ይገኛል። አንድ እሑድ ሆን ብዬ ልፈትናት ፈለግሁ። ልጁን ፀሐይ ላይ ብዙ አቆየሁትና "እታለም፣ እስቲ ይሄን ልጅ እይው፣ ፈጅቶኛል" ብዬ ሰጠኋት። ነካካችው፣ ጉንጯን አስጠጋች፣ ሳቀች።

"ይሄማ ፀሐይ ነው! ጥላ ሥር ይቀመጥና ይወጣለታል።"

ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠ፤ ወጣለት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሬ ዋልኩ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወሎ ወጥቶ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። የሕፃን ሙቀት መለካት እንዳሳሰበኝ ሲሰማ ከጅቡቲ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ አመጣልኝ። ሲሞቅ ቀለሙ ይቀየራል። በጣም ተደሰትኩበት፤ ልጁን መያዝም ማስለቀስም የለም። ልጁ ላይ ስለጥፈው አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቴ ከውጭ በፀሐይ ሲመጣ እሱም ላይ ለጠፍኩት፤ እንደ ከባድ በሽተኛ ቀላ። በማግስቱ ልጁ ጉንፋን ይዞት ገላው ሲግል ፕላስቲኩ አሁንም አረንጓዴ ነው። እታለም ከት ብላ ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀ። እኔ ግን አላሳቀኝም፤ አውጥቼ ጣልኩት።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታለች። ክረምት ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ የልጁን ጨርቆች ስታጥብ ቆይታ ገባች፤ ልጁን ብድግ አድርጋ በእጇ ስትነካው ደነገጠች። "ሙሽራዬ፣ ይፋጃል!" አለች። ሮጬ ቴርሞሜትሩን አመጣሁ። አምስት ደቂቃ ያዝኩ። ሠላሳ ስድስት ከስድስት። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

"እጅሽ በርዶ ነው እንጂ ልጁ ምንም አልሆነም" አልኳት።

እጆቿን አየቻቸው። "እውነትሽን ነው" ብላ ፈገግ አለች። "አልሐምዱሊላህ።"

እሷ ያመሰገነችው ልጁ ጤነኛ ስለሆነ ነው። እኔ ደስ ያለኝ እሷ ስለተሳሳተች ነው። ያን ጊዜውኑ ልዩነቱ ገብቶኝ ነበር፤ አፍሬበትም ነበር፤ ደስታው ግን አልቀነሰም። ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ አወራሁለት። በሦስተኛው "ምን ሆነሻል አንቺ?" አለኝ።

ልጁ ዓመት ሲሞላው አፉን ፈታ። "እማ" አለ። ያለው ግን ለእኔ አይደለም። ከሰርቪስ ወርጄ በሩን ስከፍት ወደ እሷ እየዳኸ፣ ቀሚሷን ይዞ እየተነሳ ነው "እማ፣ እማ" የሚላት። እታለም ስታየኝ ቶሎ ብላ ወደ እኔ አዞረችው። "ይቺውልህ እማ! እኔ አክስትህ ነኝ" አለችው። ተመልሶ እሷን አቀፈ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እሷ ግን አንገቷን ደፋች። የዚያን ቀን ልጁን ራሴ አበላለሁ ብዬ ጎትቼ ወሰድኩት። ያጎረስኩትን ሁሉ ተፋው።

ይህን ሁሉ የማወራው ከዚያ ያደረግሁትን ለማስረዳት ነው እንጂ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም።

ልጁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። የሥራ ቀን ነው፤ ሰርቪሱ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ጫማዬን እያሠርኩ እታለም ልጁን አቅፋ ወደ እኔ መጣች።

"ሙሽራዬ፣ ዛሬ ልክ አይደለም። እግሩና እጁ በረዶ ነው፤ ጀርባው ግን ይፋጃል። ጆሮውንም እየነካካ ነው ያደረው።"

እጁን ነካሁት፤ በእርግጥም በረዶ ነው። "በረዶ የሆነ ልጅ ምን ትኩሳት ይኖረዋል?" አልኳት።

"ጀርባውን እኮ ነው የምልሽ። ጤና ጣቢያ ልውሰደው?"

ቴርሞሜትሩን አወጣሁ። ወፍራም ሹራብ ለብሷል፤ ለማውለቅ ጊዜ አልነበረኝም። በአንገቱ በኩል ወደ ብብቱ አሾለክሁት። ልጁ ተወራጨ፤ ክንዱን መያዝ አቃተኝ። የሰርቪሱ ጥሩንባ ሲሰማ አወጣሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ሠላሳ ስድስት ከስምንት ይላል።

"ይኸው! እይው!" ብዬ ዓይኗ ሥር አደረግሁላት። ቁጥር ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ።

"መስታወቱ ያለውን እንጃ" አለች ቀስ ብላ። "ልጁ ግን ደህና አይደለም። ልውሰደው፣ ግድ የለሽም።"

"አትወስጂውም!" ብዬ ጮህኩባት። "ወልደሽ አታውቂ፣ ስለ ልጅ እኔን የምታስተምሪኝ አንቺ ማን ነሽ?"

ልጁን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ሰርቪሱ ደግሞ ጥሩንባውን ሲያስጮህ ወጣሁ። ተቀምጬ መንገዱን ስመለከት ጸጸት አልተሰማኝም። ንዴቱ ገና አልቀዘቀዘልኝም።

ረፋድ ላይ ከበር ጥበቃ መጥተው ስልክ እንዳለኝ ነገሩኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ ነው የደወለው። "ልጁን አንቀጥቅጦት እህታችሁ ይዛው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጣለች፤ ድረሽ" አለኝ። የሥራ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወጣሁ። ታክሲ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያስብ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የማስበው ስለ ቴርሞሜትሩ ነበር። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሜርኩሪው እስኪረጋ ሳልጠብቅ የመዘገብኩበት አንድ ቀን የለም። ለጨርቅ የምጠብቀውን ለልጄ አልጠበቅሁም።

ስደርስ ልጁ ነቅቷል። እታለም ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ልብሱን አውልቀውለት፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ዓይኑ ከፈት ብሏል። ሕይወቱ እንዳለ ካየሁ በኋላ ወዲያው የመጣብኝ ሐሳብ ምስጋና አልነበረም። "ለምን እሷ ጭን ላይ?" የሚል ነበር። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ነርሷ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወደ እታለም እያዩ ይጽፉ ነበር።

"እናቱ አንቺ ነሽ?"

"አይ ሲስተር፣ እናቱ እሷ ናት" አለች እታለም፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

ነርሷ ዘወር ብለው አዩኝ። "ከመቀመጫው ስንለካው ሠላሳ ዘጠኝ ከሰባት ነበር። ትኩሳቱ በድንገት ሲወጣ ነው ያንቀጠቀጠው፤ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል፣ የሚጥል በሽታ ነው ብለሽ አትደንግጪ። መነሻው ጆሮው ነው፤ ውስጡ ቀልቷል። ጠዋት እንዴት ነበር? ለክታችሁት ነበር?"

እታለም ቀና ሳትል "ጠዋት ደህና ነበር ሲስተር፣ በድንገት ነው" አለች።

ለእኔ ስትል ነው የዋሸችው። ጠዋት ከአፌ የወጣውን ሰምታ፣ ልጁን በጀርባዋ አዝላ ሮጣ፣ አሁን ደግሞ እንዳልዋረድ ትከልለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደህና አልነበረም" አልኩ። "እሷ ነግራኛለች፤ ጀርባው ይፋጃል ብላኛለች። እኔ ነኝ ብብቱ ስር ለክቼ የለውም ያልኩት። ሁለት ደቂቃም አልያዝኩት። አትውሰጂው ብያታለሁ።"

ነርሷ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "ብብት መጥፎ አይደለም፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ልብስ መሀል መግባት የለበትም። በዚያ ላይ ትኩሳት ሊወጣ ሲል ደሙ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ቆዳውም ያታልላል። ያን ጊዜ ከብብት የሚነበበው ብዙ ዝቅ ሊል ይችላል። እጅም ያታልላል፤ ስንቷ እናት ይፋጃል ብላ ያመጣችውን ልጅ ደህና ሆኖ አግኝተነዋል። ግን ልጁን ቀን ከሌሊት የያዘ ሰው ልክ አይደለም ሲልሽ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል፣ ይዘሽ ነይ። ልጁን እንጂ ቁጥሩን አናክምም።"

መድኃኒት ተሰጠን። ስንወጣ ልጁን እንድትሰጠኝ ፈለግሁ፤ መጠየቅ ግን አፈርኩ። እሷው በር ላይ ስትደርስ አቀበለችኝ።

ታክሲ አልያዝንም። በእግራችን ከአስፋልቱ ዳር ዳር ሄድን፤ የጭነት መኪኖቹ እያለፉ አቧራ ያለብሱናል። ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ብዙ ከሄድን በኋላ "እታለም፣ ጠዋት ያልኩሽን..." ብዬ ጀመርኩና አቃተኝ።

"እኔ ቅናትን አውቀዋለሁ ሙሽራዬ" አለችኝ።

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ እየሄደች ነበር የምታወራው፤ ተከተልኳት።

"ባሌ ጣውንት አመጣብኝ። በዓመቷ ወለደች። ሕፃኑ የሷ ቢሆንም ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ስትወልድ ታማ ተኝታ ነበር። ስምንት ወር ጀርባዬ ላይ ነበር። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ገና ሲያተኩሰው ይታወቀኛል፤ ደረቱ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። የዚህንም ልጅ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ጣውንቴ ሲሻላት ልጁ እሷን እምቢ አለ፤ ወደ እኔ እየተንፈራገጠ ያለቅሳል። እንዴት እንደምታየኝ አይቻለሁ። አንቺም እንደዚያ ነበር የምታይኝ፤ የለመድኩት ዓይን ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ' አለች። ያልወለደችው ወጣች።"

ወንድሟ ይህን አያውቅም ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ ሁላችንም ልጅ ስላልወለደች ተፈታች ብለን አሳጥረን ጨርሰነዋል። ጠዋት የወረወርኩባት ቃል የት እንዳረፈ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አስፋልቱ ዳር ልጁን እንዳቀፍኩ አለቀስኩ። ነጠላዋን አንስታ ፊቴን ጠረገችልኝ። "ተይ፣ ወተቱ ይበላሽብሻል" አለችኝ፤ ጡት ካስጣልኩት ወር ሆኖት ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ቅናቴ ጠፋ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የተለወጠው ነገር ሌላ ነው። ጉንጬን ሸሚዙ ስር ጀርባው ላይ ማሳረፍ አስተማረችኝ፤ መጀመሪያ ደህና ሲሆን ደጋግሜ እንድለምደው፣ ካልሆነ ሲታመም እንደማልለየው ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ቴርሞሜትሩን ማንበብ አስተማርኳት። ቁጥሮቹን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ከመቀመጫው መለካትም ሁለት ሆነን ለመድን፤ እሷ እግሮቹን ይዛ ታጫውተዋለች፣ እኔ እለካለሁ። ልጁ ጠርጥሮ ገና ቫዝሊኑን ሲያይ መሸሽ ጀምሮ ነበር።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቃሊቲ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እታለምን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ባለቤቴ ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኛል አልኩ። እውነቱን ለመናገር የተደሰትኩበት አንዱ ምክንያት ልጄ በመጨረሻ የእኔ ብቻ ሊሆን ነው የሚለው ነበር።

የሄደች ቀን ልጁ ቀሚሷን አልለቅም አለ። አንዱን ጣቱን ሳላቅቅ በሌላው መልሶ ይጨብጣል። ባለቤቴ "ጎትቺው እንጂ" አለኝ። አልጎተትኩትም። ልብሱን በፌስታል አደረግሁና አብረን ሄድን። እዚያው ቃሊቲ ቤቷ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ አዲሷ ሙሽራ እሷ፣ እንግዳዋ እኔ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከሁለቱ ልጆች ጋር እየተጫወተ "ቤታችን እንሂድ" ሲለኝ አነሳሁት።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጢም አለው፣ መኪና ይነዳል። ባለፈው ዒድ ሁላችንም እታለም ቤት ነበርን። ገና እንደገባ ጎንበስ ብሎ ሳማት፤ ራስ ምታት አመመኝ ብላ ስለነበር እጁን አንገቷ ላይ አድርጎ "ትኩሳት የለሽም፣ አይዞሽ" አላት። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞሮ የሳመኝ። እኔም ጠብቄ ተሳምኩ። ቅናቱ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኛል። እታለም አይታኛለች፤ እሷ ምን ያመልጣታል! ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝና "ነይ እዚህ ተቀመጪ ሙሽራዬ" አለችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።